ሚ ማይነር ወይስ ሚ ሜጀር? ከትዝታ ማይነር ሥር የሚገባው ኮርድ ለምን ያከራክራል

የአማርኛ ዘፈኖችን ኮርድ የሚያስተምሩ የዩቲዩብና የቴሌግራም ገጾች ዛሬ ብዙ ናቸው። ከአስተያየት መስጫቸው የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። ዘፈኑ ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ነው። አስተማሪው «ላ ማይነር፣ ቀጥሎ ፋ፣ ከዚያ ሚ ሜጀር» ይላል። አንዱ ብድግ ብሎ «ተሳስተሃል፣ ሚ ማይነር ነው» ይለዋል። ሌላው «ስኬሉን ቁጠረው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የሀገራችን ዜማ መጀመሪያ ኮርድ ምን ያደርግለታል» ብሎ ጨዋታውን ሊዘጋው ይሞክራል። አይዘጋም።

ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሰዎቹ ሙዚቃ ስለማያውቁ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች «ማይነር» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንዱ ባለሰባት ድምፁ የአውሮፓ ማይነር ነው። ሌላው ባለአምስት ድምፁ የእኛ ቅኝት፣ ትዝታ ማይነር ነው። የመጀመሪያው ከራሱ ድምፆች ኮርዶቹን ያወጣል። ሁለተኛው ግን ኮርድ ያውጣ ተብሎ የተቃኘ አይደለም። ስለዚህ የአንዱን ሕግ ይዘን ሌላው ላይ ስንፈርድ መልሱ ይሸሸናል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው። ትንሹና የተለመደው ባለሦስት ድምፅ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከስኬሉ አንድ ድምፅ ትይዛለህ፣ ቀጣዩን ትዘላለህ፣ ሦስተኛውን ትይዛለህ፣ አሁንም አንድ ትዘላለህ፣ አምስተኛውን ትይዛለህ። አለቀ።

ስኬል የድምፆቹ ዝርዝር ነው። ኪይ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ድምፅ ቤት እንደሆነ ይነግረናል፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ የሚባለው በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቅርብ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ነው፤ ጎረቤቱ ጥቁርም ይሁን ነጭ።

የድምፆቹን ስም በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ባንድ ውስጥ «ኤ ማይነር፣ ሲ ሜጀር» ማለት የተለመደ ነው። ትምህርት ቤትና መዘምራን ዘንድ ደግሞ ዶ ሬ ሚ ይባላል። ችግሩ በፊደላችን «ሲ» ብለን ስንጽፍ የፈረንጁ ሦስተኛ ፊደል ይሁን የዶ ሬ ሚ ሰባተኛ ድምፅ አይታወቅም። ሁለቱ ድምፆች ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው! በዚህ ብቻ የተበላሸ ልምምድ ስንት እንደሆነ የባንድ ሰው ይቁጠረው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዶ ሬ ሚ ብቻ ነው የምጠቀመው። «ኤ ማይነር» የሚባለው እዚህ «ላ ማይነር» ነው።

ከማይነር የሚወጡት ሰባት ኮርዶች

ኪቦርድ ፊት ተቀመጡና ከላ እስከ ላ ነጩን ቁልፍ ብቻ ተጫወቱ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል። ይህ ተፈጥሯዊው ማይነር ነው። ከሲ ወደ ዶና ከሚ ወደ ፋ ግማሽ ድምፅ ነው። የቀረው ሁሉ ሙሉ ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ አንድ እየዘለሉ ኮርድ መሥራት ነው። ላ፣ ዶ፣ ሚ ብትይዙ ከላ እስከ ዶ ሦስት ግማሽ ድምፅ፣ ከዶ እስከ ሚ አራት ይሆናል። ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ። ይህ ማይነር ኮርድ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ተቃራኒው ነው፤ ከታች አራት፣ ከላይ ሦስት። ይህ ሜጀር ኮርድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመሐለኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። ጠቅላላው ክርክር የሚሽከረከረው በዚህች መሐለኛ ድምፅ ዙሪያ ስለሆነ ልብ በሏት።

እንዲህ ሲሠራ ሦስት ማይነር ኮርዶች ይወጣሉ፤ በላ፣ በሬ እና በሚ ላይ። ሦስት ሜጀር ኮርዶችም ይወጣሉ፤ በዶ፣ በፋ እና በሶል ላይ። በሲ ላይ የሚቆመው ለብቻው ነው። ሲ፣ ሬ፣ ፋ፤ ሦስት ግማሽ ድምፅ ከታች፣ ሦስት ከላይ። ዲሚኒሽድ ይባላል፤ የተጨመቀ እንደማለት ነው። ሲሰማም ጭንቅ ያለበት ነው፣ ቶሎ ወደ ሌላ መሄድ ይፈልጋል።

«ዘፈኑ ውስጥ ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ስላለ ማይነር አይደለም» የሚል ሰው ያጋጥማል። አይደለም። ማይነር ኪይ ከሰባት ኮርዶቹ ሦስቱ ሜጀር ናቸው። እንዲያውም ላ ማይነርና ዶ ሜጀር ሰባቱን ድምፆችም ሰባቱን ኮርዶችም ይጋራሉ። የሚለየው ቤቱ የት ነው የሚለው ነው።

የሶል ጣጣ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ነው። በሚ ላይ ያለው ኮርድ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሚ ማይነር ነው። ታዲያ ሚ ሜጀር ከየት መጣ?

የመጣው ከአውሮፓ የአዘፋፈን ልማድ ነው። ሶል ከላ በሙሉ ድምፅ ይርቃል። ስለዚህ ከሶል ወደ ላ ስትሄድ የመድረስ ስሜቱ ደከም ያለ ነው። የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ዜማ መዝጊያ ላይ ሲደርሱ ከቤት በታች ያለችውን ድምፅ በግማሽ ማንሳት የለመዱት ከመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሶል ሶል ሻርፕ ትሆናለች። አሁን ከላ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። በር ላይ ቆማ የምታንኳኳ ትመስላለች። ወደ ቤት ታስባለች፣ አላስቀምጥ ትላለች። ሊዲንግ ቶን ይሏታል፤ ወደ ቤት የምትመራ ድምፅ።

ሶል ሻርፕ ሲገባ የሚ ኮርድ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ሲ ይሆናል። ይህ ሚ ሜጀር ነው። ሬ ሲታከልበት ጉልበቱ ይጨምራል። ከሚ ሜጀር ወደ ላ ማይነር መመለስ የአውሮፓ ሙዚቃ «ጨርሻለሁ» የሚልበት ዋናው መንገድ ነው፤ እንደ አራት ነጥብ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፊሊፕ ራሞ እ.ኤ.አ. በ1722 የኮርድን ትምህርት በመጽሐፍ ሲያሰናዳ ይህ ልማድ ጸንቶ የቆየ ነበር።

ሶል ሻርፕ ያለበት ስኬል ሃርሞኒክ ማይነር ይባላል። ለኮርድ ሲባል የተበጀ ነው፣ ስሙም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሃርመኒ የድምፆች አብሮ መሰማት ነውና። ግን አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይጎድላል። ከፋ እስከ ሶል ሻርፕ ሦስት ግማሽ ድምፅ ሆነ። ለዘፋኝ ገደል ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ሲወጣ ፋንም ፋ ሻርፕ የማድረግ ልማድ መጣ። እሱ ሜሎዲክ ማይነር ተባለ። ከሱ ደግሞ ሬ ሜጀርና ሲ ማይነር ይገኛሉ።

ሦስቱን አንድ ላይ ብትደምሩ ከላ ማይነር የሚወጡት ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች 13 ይደርሳሉ። ሰባት ብሎ የጀመረው ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ግን ሦስት ልዩ ልዩ ኪዮች አይደሉም። አንድ ቤት ነው፤ ሁለት ድምፆች፣ ፋና ሶል፣ እንደየአስፈላጊነቱ የሚነሱበት።

እንግዲህ ለአውሮፓው ማይነር የመነሻው ጥያቄ መልስ አለው። ሚ ማይነርም ሚ ሜጀርም የቤቱ ናቸው። ለመዝጊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሚ ሜጀር ነው።

ትዝታ ማይነር ላይ ስንደርስ

ትዝታ ማይነርን ከላ ብንጀምረው ድምፆቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ናቸው። አምስት። ከማይነሩ ጋር ስናስተያየው የጎደሉት ሁለት ናቸው። ሬ የለም። ሶል የለም።

ሶል የለም ማለት፣ ያ ሁሉ ክርክር የሚነሳባት ድምፅ እዚህ ቤት ውስጥ ጭራሽ አትኖርም ማለት ነው። ሶልም፣ ሶል ሻርፕም። ዘፋኙ አንዷንም አይዘፍናትም። ስለዚህ «ስኬሉን ቁጠረው» የሚለው ሰው የፈለገውን ያህል ቢቆጥር መልስ አያገኝም። ሚ ማይነርን የሚይዝ ሰው ሶልን ከውጭ ያመጣል። ሚ ሜጀርን የሚይዝ ሰው ሶል ሻርፕን ከውጭ ያመጣል። ሁለቱም እንግዳ ይዘው ነው የሚገቡት። ልዩነቱ የእንግዳው ጠባይ ነው።

ታዲያ ከቤተኛ ድምፆች ብቻ ስንት ኮርድ ይሠራል? ሁለት። ላ፣ ዶ፣ ሚ ላ ማይነር ነው። ፋ፣ ላ፣ ዶ ፋ ሜጀር ነው። ሌላ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ፈልጉ፣ የለም። ዶ ሜጀር ሶልን ይፈልጋል። ሬ ማይነር ራሱ ሬን ይፈልጋል። ሶል ሜጀር ከነጭራሹ ከሦስት ድምፆቹ ቤተኛዋ ሲ ብቻ ናት፤ ትዝታ ማይነር ውስጥ ሲገባ ዘፈኑ ድንገት ሌላ ሰፈር የሄደ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እንግዳ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሬ ማይነርን ውሰዱ። ሬ፣ ፋ፣ ላ። ፋና ላ ቤተኞች ናቸው። እንግዳው ሬ ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከታች ቤዙ ላይ ነው። ዘፋኙ ከላይ ላን ወይም ፋን ሲይዝ ምንም ግጭት የለም። ቤዝ ጊታሩ ወደ ሬ ሲወርድ ዜማው ሳይነካ ከሥሩ ያለው መሬት ብቻ ይቀየራል። ይህ ኮርድ በትዝታ ማይነር ሥር ደህና የሚሰማው በአጋጣሚ አይደለም።

ሚ ሜጀር ግን ጉልበተኛ እንግዳ ነው። ሶል ሻርፕ ላይ ቆሞ «ወደ ላ! ወደ ላ!» እያለ ይጎተጉታል። ዘፋኙ ቸኩሎ ላ ላይ ቀድሞ ከደረሰ ላና ሶል ሻርፕ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ። ፋን ዘለግ አድርጎ ከያዘም ከኮርዱ ሚ ጋር ይፋጠጣል። ትዝታ ዘፋኝ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቦታ ማስረዘም ይወዳል። አንዷን ቃል ይዞ ያንቆረቁራታል፣ ከፋ ወደ ሚ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ከሥሩ ያለው ኮርድ የሚቸኩል ከሆነ ዘፋኝና አጃቢ በሁለት ሰዓት የሚሄዱ ይመስላል። ሚ ማይነር ለስለስ ያለ ነው። አይጎተጉትም። ግን ዜማውን ወደ ባለሰባቱ ማይነር በቀስታ ይስበዋል፣ ሰሚው ሶልን ከኮርዱ ሰምቶ ከዜማውም ይጠብቃል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው። መሐለኛዋን ድምፅ መተው። ሚና ሲ ብቻ ይያዙ፤ የሮክ ጊታሪስቶች ፓወር ኮርድ የሚሉት ይህ ነው። ወይም ሚ፣ ላ፣ ሲ ይያዙ። ይህኛው ሰስፔንድድ ይባላል፤ የተንጠለጠለ ማለት ነው። ሦስቱም ድምፆች ከቅኝቱ ናቸው። ሜጀርም አይደለም፣ ማይነርም አይደለም። ላ፣ ሲ፣ ሚ ቢባልም እንዲሁ። ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚን አራቱን አብሮ መያዝም ይቻላል፤ አንድም እንግዳ የለበትም፣ ሲሰማም ወፍራም ነው።

ክራር ይህን ድሮም ያውቀዋል። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል። ግራ እጅ ደግሞ በጣቶቹ የማይፈለጉትን ያፍናል። ያልታፈኑት ሁለትም ሦስትም ሆነው አብረው ይሰማሉ። ስም አልወጣላቸውም እንጂ ድምፆች አብረው የሚሰሙበት አሠራር ነው። ልዩነቱ ክራሩ ላይ ያልተቃኘ ድምፅ ከየትም ሊመጣ አለመቻሉ ነው።

አምባሰል የባሰውን ያመጣል

ከላይ ያሉትን አምስት ድምፆች እንያቸውና ቤቱን ከላ ወደ ሚ እናዛውረው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ይህ አምባሰል የሚባለው ቅኝት ነው። አዎ፣ የላ ትዝታ ማይነርና የሚ አምባሰል ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። የሚለያቸው ማረፊያው ነው፤ ልክ ላ ማይነርና ዶ ሜጀር እንደሚለያዩት። ሌላም ጥንድ አለ። የዶ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። የላ ባቲ ማይነር ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። እነሱም አንድ ድምፅ፣ ሁለት ቤት ናቸው። የሁለተኛው ጥንድ ዝምድና በኪቦርድ በጥቁሩ ቁልፍ ብቻ ይታያል። ከፋ ሻርፕ ብትጀምሩ ትዝታ ሜጀር፣ ከሬ ሻርፕ ብትጀምሩ ባቲ ማይነር።

ወደ አምባሰል እንመለስ። ቤቱ ሚ ነው። በቤቱ ላይ ኮርድ ለመሥራት ሶል ወይም ሶል ሻርፕ ያስፈልጋል። ሁለቱም የሉም። ትዝታ ማይነር ቢያንስ በቤቱ ላይ ላ ማይነር አለው። አምባሰል በቤቱ ላይ ምንም የለውም።

አጃቢው እንግዲህ ሦስት አማራጭ ይቀርለታል፣ ሁሉም ዋጋ ያስከፍላሉ። ላ ማይነር ቢይዝ ኮርዱ ቤተኛ ነው። ግን ዜማው ሚ ላይ ሲያርፍ ሰሚው ያላለቀ ነገር ይሰማዋል። አምባሰሉ ተቀምጦ ያለቀ ሳይሆን ቆሞ የቀረ ትዝታ ይመስላል። ሚ ማይነር ቢይዝ ቤቱ ይጸናል፤ ፋ ከሶል ጋር ሆና ግን የፈረንጅ ጊታሪስት ፍሪጂያን የሚለውን ቀለም ታመጣለች። ሚ ሜጀር ቢይዝ ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ይህ ድርድር ዓረቦቹ ሂጃዝ የሚሉት ነው፣ የስፔን ፍላሜንኮም ይህን ይወደዋል። ወሎ የተነሳ ዜማ በአንድ ጣት ስህተት ካይሮ ወይም ሴቪያ ይገባል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሲያምር ሊያምር ይችላል። ግን ሰውየው አውቆ የሄደበት ይሁን።

አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ከዶ ስንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል፤ ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ሦስተኛው ስለሌለ፣ አምስተኛውም ዝቅ ስላለ በቤቱ ላይ ኮርድ አይቆምም፤ ያለው ቤተኛ ሜጀር ኮርድ ፋ ብቻ ነው።

ማይነር ያዘነ ነው የሚባለውስ?

ክርክሩ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ይገባል፤ «ዘፈኑ የሚያሳዝን ስለሆነ ማይነር ኮርድ ይገባዋል» የሚል። ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሐዘን የሚለው ትምህርት ለብዙ ሰው እንደ ሁለት ሲደመር ሁለት ነው።

የእኛው ትዝታ ግን ይህን ይፈትነዋል። ትዝታ በሜጀርም በማይነርም ይዘፈናል። ትዝታ ሜጀር ኮርዱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ እንደ ፈረንጁ ትምህርት ፈገግታ ነው። ግን በትዝታ ሜጀር የተዘፈነ የናፍቆት ዘፈን ሰምቶ «ደስ የሚል የጭፈራ ዘፈን» የሚል አማርኛ ሰሚ አታገኙም። ስሜቱ ያለው በአካሄዱ፣ በፍጥነቱ፣ በድምፁ መርገብገብ፣ በግጥሙ ነው። ሜጀርና ማይነር ድርሻ የላቸውም አይባልም። ብቻቸውን ግን አይወስኑም። ስለዚህ በሐዘን ስም ሚ ማይነርን መምረጥ ደካማ ምክንያት ነው።

ኮርድ ይግባ ወይስ አይግባ

ሦስተኛው ተከራካሪ፣ «ኮርድ ምን ያደርግለታል» ያለው፣ ባዶ ነገር አልተናገረም። የማሲንቆና የድምፅ ዘፈን በአንድ መስመር የሚሄድ ነው። ማሲንቆው ዘፋኙን ይከተላል፣ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ ያጌጥበታል። ኮርድ በሥሩ ስናስገባ ቅኝቱ ሆን ብሎ የተዋቸውን ድምፆች እንሞላለን። የተተወ ቦታም የዜማው አካል ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ነው። ሌላም አለ። ኪቦርድ ኦክታቭን፣ ማለትም ከላ እስከ ቀጣዩ ላ ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ሴንት በሚባለው ጥቃቅን መለኪያ 100 ነው። በዚህ አከፋፈል የማይነር ሦስተኛ፣ ለምሳሌ ከላ እስከ ዶ፣ 300 ሴንት ነው። በንጹሑ የድምፅ ምጣኔ ግን 316 ገደማ ነው። ዘፋኝና ማሲንቆ የትኛውንም ሊይዙ ይችላሉ፣ መሐሉንም ይይዛሉ። ኪቦርድ ያው አንዱን ነው። ኮርድ በወፈረ ቁጥር ዘፋኙ ወደ ኪቦርዱ መሳቡ አይቀርም።

ግን «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ባለአንድ መስመር ነው» ብሎ መደምደምም ያስቸግራል። ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተደራርበው ሲዘፍኑ የሰማ ይህን አይልም። ከተማው ውስጥም ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ላይ የነሐስ መሣሪያ መንፋት የጀመሩት ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአማርኛ ዜማን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር ኖሯል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የያዘው ጥያቄ ይኸው ነበር። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት 12 ድምፅ ካለው ሃርመኒ ጋር እንዴት ሳያጠፉት ማገናኘት ይቻላል? ዜማውን በአምስቱ ውስጥ ጠብቆ እንግዶቹን ከሥር ማስተናገድ የእሱ መንገድ ነው።

በእኔ ግምት በታሪኩ በኩል ኮርድ ይግባ የሚሉት ያሸንፋሉ። ኮርድ ከከተማ ዘፈን አሁን አይወጣም፣ ጆሯችንም ለምዶታል። በሙያው በኩል ግን ከቅኝቱ አትውጡ የሚሉት የተሻለ ነገር ይዘዋል፤ በተለይ ዝግ ባለ ትዝታና በአምባሰል። ፈጠን ባለ፣ ነሐስ በበዛበት ቅንብር ውስጥ ሚ ሜጀር ቢገባ ማንም አይጎዳም። ዘፋኙ ብቻውን ከአንድ ኪቦርድ ጋር ሲሆን ነው እንግዳው ቤቱን የሚያጣብበው።

ማሽኑ ሲፈርድ

ይህ ሁሉ የባለሙያ ምርጫ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። አሁን አሁን ግን ምርጫውን የሚያደርገው መሣሪያው ራሱ ነው።

ኪቦርድ ብቻውን ባንድ የሚሆንበትን አጨዋወት አስቡት። ግራ እጅ ኮርድ ይሰጣል፣ ማሽኑ ከበሮና ቤዝ ይጨምራል። በብዙ የያማሃ ኪቦርዶች ቀላሉ ዘዴ በአንድ ጣት ነው። ሚን ብቻ ብትነኩ ማሽኑ ሚ ሜጀር ይሰጣችኋል። ማይነር ካስፈለገ ከግራ ያለውን ቅርብ ጥቁር ቁልፍ አብሮ መንካት ነው። ስለዚህ ጀማሪ አምባሰል ይዞ ሚን ሲጫን ሳያውቀው ሶል ሻርፕ ጠርቷል። የቤዙም የጊታሩም ድምፅ ሶል ሻርፕን ይዞ ይነጉዳል። በዚህ ዘዴ የተንጠለጠለው ኮርድ፣ ሚ ላ ሲ፣ የለም።

ከቅጂ ኮርድ አውጥተው የሚሰጡ መተግበሪያዎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር 24 የኮርድ ስሞችን ብቻ የሚያውቅ ነው፤ 12 ሜጀርና 12 ማይነር። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ያለበትን ቅጂ ቢሰማም «ኮርድ የለም» ካላለ በቀር ከ24ቱ አንዱን ይመርጣል። ሚና ሲን ሲሰማ ወይ ሚ ማይነር ወይ ሚ ሜጀር ብሎ ይጽፋል። ሶል ግን አልተሰማችም። ተማሪው ያንን ወረቀት ይዞ ይለማመዳል፣ ይቀርጻል፣ ይለጥፋል። ቀጣዩ ተማሪ ከሱ ይማራል። ሁለት ሰዎች በሁለት መተግበሪያ ሠርተው ሲገናኙ ያው መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ክርክር ይነሳል፤ ሁለቱም ማስረጃ ይዘው።

ከዚህ ሊመጣ የሚችለውን መገመት ከባድ አይደለም። በሚ ሜጀር ያደገ ጆሮ ሶል ሻርፕን ከዜማውም መጠበቅ ይጀምራል። ዘፋኙም አንድ ቀን ይዘፍናታል። ያኔ ትዝታ ማይነር ሃርሞኒክ ማይነር ሆነ ማለት ነው፣ አምባሰልም ከሱ ጋር የነበረው ልዩነት ይደበዝዛል። ይህ የግድ ይሆናል አይባልም። ክራሩና ማሲንቆው ጎን ለጎን እስከተሰሙ ድረስ ጆሮ የሚመለስበት አያጣም።

ኪቦርዱ ላይ ማስተካከያው ቅርብ ነው። የአንድ ጣቱን ዘዴ አጥፍቶ ማሽኑ ሙሉ ኮርድ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ከዚያ ሚን፣ ላን፣ ሲን በግራ እጅ አንድ ላይ መጫን። እንዲህ ሲነካ ቤዙ ሚ ላይ ይቆማል፣ ከላይ ያለው ሜጀር ልሁን ማይነር ሳይል ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ዘፋኙም ፋን የፈለገውን ያህል አስረዝሞ ወደ ሚ ይወርዳል።